የወፍ ፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ትኩረቱን በአንድ ጉዳይ ላይ አድርጎ ሠርቷል፤ ይኸውም የዱር ወፎች ተጓዳኛቸውን ለማማለል የሚያሳዩትን ትርኢት፣ ወፎቹን ሳይረብሹ ፎቶ ማንሳት ነው። «ወፍ ማንሳትም ክበብ ሆነ?» የሚሉ ባልደረቦችና ወላጆች አልጠፉም። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች በተመዘገቡባት አገር፣ የሐዋሳ ሐይቅን የመሰለ ሀብት ከደጁ ያለው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክበብ ባይኖረው ነበር የሚያስገርመው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ከፈተና ሰሞን በቀር አልተቋረጡም። ፍላሽ አለማብራትን፣ ወደ ጎጆ አለመጠጋትንና የተቀዳ ድምፅ ከፍቶ ወፍ አለመጥራትን አባላቱ ሁሉ ተለማምደዋል።

በግንቦት ዝናቡ ከጣለ በኋላ በሐይቁ ዳርቻ ያሳለፍነው ማለዳ ግን ሰፋ ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል። ግራሩ ላይ ገላቸው ቢጫ፣ ራሳቸው ጥቁር፣ ዓይናቸው ቀይ የሆነ ጎጆ ሠሪ ወፎች ሰፍረው ነበር። ወንዱ ከለምለም ሣር ከሠራው ጎጆ ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል፤ እንስቷ ገብታ ውስጡን በምንቃሯ ትፈትሻለች፤ ካልወደደችው ጥላው ትሄዳለች። ጎጆው ደርቆ አረንጓዴነቱን ሲያጣ የሚመርጠው ስለማይገኝ፣ ወንዱ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። የሚርገበገበውን ክንፍ አጥርቶ ለማስቀረት የሹተሩ (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው ክፍል) ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ መሆን ስላለበት፣ ተማሪዎቹ ሁሉ በዚያው ተጠምደው ነበር።

በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ግን ካሜራውን ተራዋ ሲደርስ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዞረችው። እዚያ እንስቷ ትታው የሄደችው አንድ ወንድ የገዛ ጎጆውን ሣር በሣር እየመዘዘ ይጥል ነበር። ጓደኞቿ «የሚጨፍረውን አንሺ እንጂ!» ሲሏት ወደ እኔ ዞራ፣ «ቲቸር፣ ሲያፈርስ ካላሳየን ለምን እንደሚጨፍር ማን ይገባዋል?» አለችኝ። በዓመታት የማስተማር ሥራዬ የባዮሎጂን ትምህርት እንዲህ ከልቡ የተረዳ ተማሪ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ምንቃሩ ላይ ረጅም የሣር ዘለላ የተንጠለጠለበት ያ ፎቶ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተሰቅሏል፤ ያላያችሁት ሄዳችሁ እንድታዩት እጋብዛለሁ።

ወደ አብያታና ሻላ ሐይቆች ያቀድነው ጉዞ መኪና ባለመገኘቱ ቀርቷል። ክበቡ ያለው ካሜራ አንድ ነው፤ ሌንሱም አጭር በመሆኑ፣ አንጠጋም የሚለውን ደንባችንን ያከበሩ ተማሪዎች ያነሱት ወፍ ከነጥብ ብዙም አይበልጥም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙዎቹ ወፎቻችን ተውበው የሚጨፍሩት በክረምት ሆኖ ሳለ፣ ካሜራው ከሰኔ እስከ መስከረም በንብረት ክፍል ተቆልፎበት መክረሙ ነው።

ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ከሩቅ አቅርቦ የሚያነሳ፣ ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሌንስ እንዲገዛልን፣ አስተዳደሩም ካሜራውን በእኔ ፊርማና ኃላፊነት ለክረምቱ እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን። የማትጠቀሙበት ሌንስ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችንም በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ በኩል ብታደርሱን በደስታ እንቀበላለን።