ለእማዬ የማይነበበው ገጽ

ስቶክሆልም፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሚጣዬ፤
የካ አባዶ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ? ማሙሽስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር... እዚህ ላይ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብዬ አልፍ ነበር። ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እንዲሁ እያልኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ «ደህና ነኝ» የሚለውን ያዢልኝና «በጣም» የሚለውን ተዪው። እዚህ የዓመቱ አጭሩ ቀን ነው። ፀሐይ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወጣች፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ጠለቀች። ወደ ሥራ ስሄድ ጨለማ፣ ስመለስ ጨለማ።

ይህን በቴሌግራም ያልላክሁልሽ ስልክሽን ቤቱ ሁሉ ስለሚነካካው ነው። ለገና አገር ቤት የምትገባ ልጅ አግኝቼ ከጫማሽ ጋር በእጇ ሰደድኩት። ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ያንቺ ብቻ ነው፤ ለእማዬ አታንቢላት። ካሰመርኩት መስመር በታች ያለውን ግን ጮክ ብለሽ አንቢላት።

እማዬ ደውላ «ክፍል ውስጥ ምች መታትና ወደቀች» አለችኝ። በማግሥቱ አንቺ የላክሽልኝን ድምፅ አራት ጊዜ ሰማሁት። የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ሞዴል ፈተና ሲታደል ልብሽ ደረትሽን ሰብሮ ሊወጣ እንደመሰለሽ፣ ጣቶችሽ እንደደነዘዙ፣ «አሁንስ መሞቴ ነው» እንዳልሽ። ልጆቹ ክብሪት እየጫሩ ሲያሸትቱሽ ጭሱ ይባስ እንዳፈነሽ።

ምች አይደለም፣ ሚጣዬ። እኔም ያንኑ ታምሜ ምች ነው ብዬ ዋሽቻለሁ።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በ2003 የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ስፈተን ገና ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የቀበሌ ቤት ነበርን፤ አንቺ ጡት አልጣልሽም። ያኔ ማትሪኩ ወንፊት ነበር፤ ያለፈ ፕሪፓራቶሪ ይገባል፣ ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ። (ዛሬ ቀርቷል፤ ተመስገን።) ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ እንቅልፍም በዚያው ጠፋ። ጠዋት እማዬ ሁለት እንቁላል ቀቅላ «ብዪ፣ ጭንቅላት ይከፍታል» አለችኝ። አንዱን በግድ ዋጥኩት፣ ሌላውን ኪሴ ከተትኩት። ሒሳብ ላይ ወረቀቱን ስገልጠው ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ተርመሰመሱብኝ። እንደምንም ማጥቆሬን ቀጠልኩ። ፈታኙ «አሥር ደቂቃ ቀራችሁ» ሲሉ ነው ያየሁት፤ የ14ኛውን ጥያቄ መልስ 15ኛው ላይ አጥቁሬ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ተንሸራቷል። ላጲስ አነሳሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ትዝ ይለኛል። እንቁላሉ ኪሴ ውስጥ ተፈርክሶ ዩኒፎርሜን እንዳበላሸው ያወቅኩት ከግቢ ስወጣ ነው።

እቤት ገብቼ «ምች መታኝ» አልኩ። እማዬ ከጎረቤት ጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ አሽታ አሸተተችኝ፤ ጭማቂውን ቡና ውስጥ ጨምቃ አጠጣችኝ። እንዴት እፎይ ብዬ እንደዋሸሁ! ምች የማንም ጥፋት አይደለማ። ፈራሁ ብል ግን «ስላላጠናች ነው» ነበር የሚባለው።

የኔን ተዪውና ወዳንቺ እንምጣ።

መጦሪያ ቤቱ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቋንቋው እምቢ ብሎኝ፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር መጸዳጃ ቤት ገብቼ እቆልፍ ነበር። አንዲት ነርስ ነቃችብኝና ተቀምጣ አስረዳችኝ። እሷ በድብ ነው የመሰለችልኝ፤ እኔ ለአባዶ እንዲስማማ በጅብ ልለውጠው። ማታ ከታክሲ ወርደሽ ወደ ብሎካችን ስትሄጂ ከባሕር ዛፉ በኩል ጅብ ቢጮህ፣ ሰውነትሽ አንቺን ሳያማክር ይነሣል። ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል፤ ለመሮጥ ነዋ። «ሆዴ ባር ባር አለኝ» የምንለው ይኸው ነው፤ አያቶቻችን ዕጢውን ሳያውቁት ስም አውጥተውለታል። ጣጣው ሰውነትሽ ጅቡን ከሒሳብ ወረቀት አለመለየቱ ነው። ተቀምጠሽ እንደ ሯጭ ስትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምሽ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ጣት የሚደነዝዘውና ራስ የሚዞረው በዚህ ነው። አየር አጥሮሽ ሳይሆን አብዝተሽ ስለተነፈስሽ ነው። መሞትሽም አልነበረም። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። እኔን ይህን ማወቄ ብቻ ግማሹን አቅልሎልኛል። ያም ሆኖ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ታዪ፤ የደም ማነስም ልብ ያስመታል።

ሲመጣብሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ በቀስታ አውጪ፣ ትኩስ ሻይ እፍ እንደምትዪው። ማውጣቱ ከመሳቡ ሲረዝም ልብ ዝግ ይላል። ለፈተናው ቀን ብለሽ አታስቀምጪው ግን፤ ያልተለማመዱት ነገር በጭንቅ ሰዓት አይመጣም። በደህናው ቀን ሞክሪው፤ የውኃ ጀሪካን ወረፋ ላይ፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ። እኔ ባቡር ውስጥ ስቆጥር አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ የምጸልይ መስሏቸው ቦርሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ አሰፉልኝ።

አሁን ስለ እንቅልፍ ልቆጣሽ ነው። ከማታ ፈረቃ ስመለስ በእናንተ ሌሊት 8 ሰዓት ይሆናል፤ ቴሌግራም ከፍቼ ሳይ አንቺ አለሽ! በዕድሜሽ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ አንቺ 4 ሰዓት እንኳ አትሞዪም። እንቅልፍሽ አምሽቶ መምጣቱ ስንፍና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በጉርምስና ዕድሜ የእንቅልፉ ሆርሞን ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው። ግን አባዶ የሚኖር ልጅ ገና 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ፍለጋ ይወጣል። ጠዋቱን መግፋት ካልተቻለ ማታውን መሰብሰብ ነው። የማታውን ቡና ተዪ፤ ከጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት በኋላም ደምሽ ውስጥ ነው። «ለጥናት ነው» እያሉ ጫት የሚያመጡ የክፍልሽ ልጆች እንዳሉ ነግረሽኛል። ልቧ ለሚመታባት ልጅ ልብ የሚያስመታ ቅጠል! ሌላ አልልም። «ፈተናው ወጥቷል፣ መልሱ እኛ ጋ ነው» ከሚሉት ቻናሎችም ዛሬውኑ ውጪ።

የፈተናውን ነገር አላባብልሽም። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ነበር። አንቺ እነዚህን ከኔ ይበልጥ ሸምድደሻቸዋል፤ ከአልጋሽ ራስጌ እንደለጠፍሻቸው ማሙሽ ነግሮኛል። አንሺው ያንን ወረቀት። ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው የሚወድቅበት ፈተና ያንቺን ስንፍና አይደለም የለካው፤ የትምህርት ቤቶቹን ጉድ ነው። ሪሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት መንገድም አለ። ግን ሌሊት ሆድ ባር ባር ሲል ይህ ሁሉ አያረጋጋም። የሚያረጋጋው ከሱ በጣም ያነሰ ነገር ነው፤ ዛሬ ሁለት የፊዚክስ ጥያቄ ሠርቶ ደብተሩን መዝጋት፣ ከማሙሽ ጋር ብሎኩን ሁለት ጊዜ መዞር።

ከወደቅሽ ወዲህ «ራሴን አመመኝ» ብለሽ ሁለት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቀርተሻል አሉ። እዚህ ላይ ከእማዬ ተረት ጋር እጣላለሁ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትላለች። የፈሩት የሚደርሰው እኮ ሲሸሹት ነው። መጸዳጃ ቤት በቆለፍኩ ቁጥር ለዚያች ደቂቃ ይቀለኝ ነበር፤ ቀጣዩ ስብሰባ ግን ከፊተኛው ይከብዳል። የተሻለኝ በሩ አጠገብ መቀመጥ ስጀምር ነው፤ ከባሰብኝ መውጣት እንደምችል እያወቅኩ፣ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ። አንቺም በሩ ጋ ተቀመጪ። ለሒሳብ አስተማሪሽም ንገሪያቸው፤ ደግ ሰው ናቸው ብለሽኝ የለ?

እዚህ አገር ትምህርት ቤት ሁሉ ለተማሪው ነርስ፣ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና አማካሪ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ነው። እንዳንቀና ብዬ ሌላውንም ልንገርሽ። ቤት ያከራየችኝ ሐበሻ ሴትዮ የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አላት። የራሱ ክፍል አለው፣ ላፕቶፕ አለው፣ ውኃ ሃያ አራት ሰዓት አለው። እሱም እንዳንቺ ጣቱ ይደነዝዛል። ስለዚህ «ድህነታችን ነው» አትበይ፤ «እኔ ብቻ ነኝ»ም አትበይ።

እንቅልፍ፣ እህልና ሳቅ ለሳምንታት ከጠፋብሽ ወይም «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ ግን ትንፋሽ መቁጠር አይበቃም። ሌሊትም ቢሆን ለእማዬ ቀስቅሰሽ ንገሪያት፤ ለኔ ደውዪልኝ። ከዚያ ሐኪም ጋ ነው። አማኑኤልን ልጆች መሳለቂያ አድርገውታል፤ ከ80 ዓመት በላይ ሰው ሲያክም የኖረ ሆስፒታል ነው። እሱ ቢርቃችሁ ኤካ ኮተቤም የአእምሮ ሕክምና አለው። ያን ያህል ደርሰሻል አላልኩም፤ በሩ የት እንዳለ እንድታውቂ ነው።

________

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ? ቅባቱን ከሚጣ ጫማ ሥር አድርጌዋለሁ፤ እንዳትጥዪው። ጾሙ ከበዳችሁ ወይስ ሽሮው አለ?

ሚጣን ምች አልመታትም። ጭንቀት ነው። ጸበሉን አልከለክልሽም፣ ውሰጃት፤ መንገድ ላይ አብራችሁ ታወራላችሁ። ግን ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ማዕድ በቀረበ ቁጥር አታንሺባት። ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ እግዜር ይባርካት፤ ከኛ ገበታ ግን ትውረድልን።

ሁለተኛው ይከብደኛል። «እህትሽ በሰው አገር የምትንከራተተው ለአንቺ ብላ ነው» አትበያት። አንቺን ብቻ እየወቀስኩ አይደለም። እኔም ስደውል ገና እግዜር ይመስገን ሳንባባል «ስንተኛ ወጣሽ?» ነበር የምላት። እህትና እናት ሆነን ከሁለት ወገን ጫንናት። የምልከው ለኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ፣ ለጤፍና ለትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ሚጣ የምትከፍለው ብድር አይደለም። የወጣሁትም ለእሷ ብዬ አይደለም። ከማትሪኩ ወዲህ ልቤ አገር ውስጥ አልነበረም።

እማዬ፣ ዳማከሴ ያጠጣሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ዩኒፎርሜ በእንቁላል የተበላሸ ቀን? ምች አልነበረም። ፈርቼ ነበር። መልሱን በሙሉ የተሳሳተ መስመር ላይ አጥቁሬ፣ ማረም አቅቶኝ ወጣሁ። ልነግርሽ ፈራሁ። ያጠባሽልኝ ዩኒፎርም ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳየው ሁለት ጊዜ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ሚጣዬ፣ ይህን እያነበብሽላት ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ «ለማንም ተናግሬው አላውቅም» ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ወደዚህኛው ገጽ ስደርስ እጄ በራሱ ጻፈው። እንግዲህ የላይኛውንም ከፈለግሽ አንቢላት። የጫቱን መስመር ግን ዝለዪው፤ ትምህርት ቤትሽ ድረስ ነው የምትመጣው።

ጫማው 38 ነው፤ ቢጠብሽ ለልጅቷ ከመመለሷ በፊት ስጫት። እሑድ በእናንተ 4 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ውኃው ከመጣ ስንት ቀን ሆነው?

እህትሽ