እንጨቱ አለን፣ ኩሽኔታና ብሎን አጥሮናል፦ ለደሴ ሕፃናት ብስክሌት የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ርቃችሁ ያላችሁም ጭምር!

ጥያቄያችን አጭር ነው። ቤታችሁ፣ ጋራዣችሁ ወይም የመሳሪያ ሳጥናችሁ ውስጥ ሥራ የፈታ ትንሽ ኩሽኔታ፣ ረጅም ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ካለ ስጡን። የሰፈራችን አናጺዎችና ወላጆች ተሰባስበን ለትንንሽ ልጆች ፔዳል የሌለው የእንጨት ብስክሌት እየሠራን ነው። ለመጀመሪያው ዙር ያሰብነው 15 ነው። ብስክሌቶቹ የማንም የግል ንብረት አይሆኑም። የሰፈሩ መዋለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ይቀመጡና ልጆቹ በተራ ይነዷቸዋል።

ፔዳል የሌለው ብስክሌት ምን ሊረባ ነው የሚል አይጠፋም። ልጁ ኮርቻው ላይ ቁጭ ይላል፣ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይረግጣሉ፣ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል። ሲለምደው እግሩን ያነሳና ትንሽ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ብስክሌት ላይ አስቸጋሪው ሚዛን መጠበቅ ነው እንጂ ፔዳል መምታትማ ማንም ይለምደዋል። አስቸጋሪውን አስቀድሞ የጨረሰ ልጅ በኋላ ባለ ፔዳሉን ሲያገኝ ብዙ አይንገላታም። ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 የሠራው ባለ ሁለት ጎማ ከእንጨት ነበር፣ ፔዳልም አልነበረውም። ፔዳል የመጣው ዘግይቶ ነው። እኛስ ብንሆን? ጣውላ ላይ ኩሽኔታ ገጥሞ ቁልቁለት ያልወረደ የደሴ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

እንጨቱ አያሳስበንም። እንጨት ቤቶች የሚቆርጡት ትርፍራፊ ለክፈፉና ለኮርቻው ይበቃናል። ለጎማው ግን ኮምፔንሳቶ እንጠቀማለን። ተራ ጣውላ በክብ ከተቆረጠ ሲመታ በመስመሩ ይሰነጠቃል፤ ኮምፔንሳቶ ስሱ ሽፋኖቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግረው ስለተጣበቁ ይችላል። ዙሪያውን ከአሮጌ ጎማ የተቀደደ ላስቲክ እናለብሰዋለን። ላስቲኩን የሰፈሩ ጎሚስታ በነጻ ሰጥቶናል፤ እናመሰግናለን።

ብረቱ ላይ ነው እጅ ያጠረን።

ለአንድ ጎማ 2 ኩሽኔታ፣ ለአንድ ብስክሌት 4፣ ለ15ቱ 60 ያስፈልጋል። የምንፈልገው ላዩ ላይ 608 የሚል ቁጥር ያለበትን ነው። የውስጥ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ነው። ባለ ጎማው የስኬቲንግ ጫማ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ አንዳንድ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ውስጥም ይገኛል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት ዜድ ካለበት በሁለቱም ጎን የቆርቆሮ ክዳን አለው ማለት ነው። ቱ አር ኤስ (2RS) የሚል ከሆነ ክዳኑ ላስቲክ ነው። ለእኛ አቧራና ጭቃ ላስቲኩ ይሻላል፣ ግን አናማርጥም። ያገለገለ ከሆነ ጣታችሁን አስገብታችሁ አሽከርክሩት። ያለ ችግር ከዞረ ላኩልን። አሸዋ እንደገባበት ከጎረበጠ ልዋጭ ሲመጣ ስጡት።

ብሎኑ 8 ሚሊ ሆኖ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ የሚረዝም ይሁን። ቢቻል እስከ ጫፉ ጥርስ ያልሆነ፣ ኩሽኔታው የሚያርፍበት ቦታ ልሙጥ የሆነ። ለመሪው ደግሞ ወፍራሙ፣ 10 ሚሊው ነው የሚሆነው። ዳዶው ላይ ትንሽ እንቸገራለን፣ ምክንያቱም ተራ ዳዶ አንፈልግም። ጎማ ሲንቀጠቀጥ ተራ ዳዶ ቀስ እያለ ይላላል፣ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ላላ ብሎ አይነግርህም። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ግን ብሎኑን አንቆ ይይዛል። ከውጭ በኩል ጫፉ ድፍን የሆነ ባርኔጣ መሰል ዳዶ ከተገኘ ደግሞ እሰየው፤ የልጆቹን ቁርጭምጭሚት አይቧጭርም።

ሮንዴላን ሰው ይንቀዋል። ኩሽኔታው ሁለት ቀለበት አለው፤ የውስጡ ብሎኑን ይዞ ይቆማል፣ የውጭው ከጎማው ጋር ይዞራል። ሰፊ ሮንዴላ ከገባ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጫንና ዳዶው ሲጠብቅ ጎማው ድርቅ ይላል። የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚነካ ጠባብ ሮንዴላ ከገባ ግን ዳዶውን እስኪበቃችሁ ብታጠብቁት ጎማው እንደልቡ ይዞራል። ስለዚህ ባለ 8ቱን ጠባብ ሮንዴላ በጣሳ ብታመጡት አንጠግብም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የፋብሪካ ጥገና ክፍል የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ እናንተን ተስፋ አድርገናል። ማሽን ሲታደስ የሚወጣ ትንሽ ኩሽኔታ ካለ ኃላፊዎቻችሁን አስፈቅዳችሁ ብታስቀምጡልን። በሚሌ መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሰዎች ቅንነታችሁን እናውቃለን። የተሳቢ ኩሽኔታ ግን ይቅርብን፣ እሱ ብቻውን ከልጁ ይከብዳል።

ሌሎችም የማንቀበላቸው አሉ። ፔዳልና ካቴና አያስፈልገንም። የቆየ የዘይት ቀለምም አታምጡ። አሮጌ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ኮላና ለኮርቻ የሚሆን ስፖንጅ ግን ደስ እያለን እንቀበላለን።

ፍሬኑስ ለምትሉ፣ ፍሬኑ የልጁ እግር ነው። ለዚህ ነው ከግቢ አይወጣም ብለን የቆረጥነው። የደሴን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ሥር ያለች ከተማ ሜዳ ከየት ታመጣለች? የመዋለ ሕፃናቱ ግቢ ግን ደልዳላ ነው፣ አጥርም አለው። ኮርቻውንም ልጁ ቁጭ ሲል ሙሉ እግሩ መሬት እንዲረግጥ ዝቅ አድርገን ነው የምንሠራው።

ለናሙና የሠራነውን አንዱን ልጆቹ ሞክረውታል። አንዷ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ መሪውን ጨብጣ አልወርድም ብላ፣ ተራ የሚጠብቁት ኡኡታቸውን አቀለጡት። እናቷ በብስኩት ነው ያወረደቻት። 15 ያልነውም ይህን ካየን በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያሰብነው ከዚያ በታች ነበር።

ገንዘብ መስጠት የሚቀለው ሰው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ዘንድ መስጠት ይችላል፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የብረት ዋጋ ዛሬ የተባለው ነገ ስለማይገኝ የብር መጠን አልጻፍንም። የተገዛውን ነገር ከነደረሰኙ እንጨት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። ሐቀኛ ግምታችንን ከጠየቃችሁን ግን ከብር ይልቅ ዕቃው ይሻለናል። ገበያ ላይ ዳዶውን ስናገኝ ኩሽኔታው የለም፣ ኩሽኔታው ሲኖር ብሎኑ ያጥራል።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ለክረምት ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለ 608ን በሻንጣ ጥግ ላኩልን። የአንዱ ክብደት 12 ግራም አካባቢ ነው፣ 60ውም ተደምሮ አንድ ኪሎ አይሞላም።

ዝናቡ ሳይከብድና ግቢው ጭቃ ሳይሆን ብንጨርስ ደስ ይለናል። ደሴ ያላችሁ ሸዋ በር አካባቢ ያለው እንጨት ቤታችን ድረስ ብቅ በሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም እዚያው ነን፤ ቡናም አይጠፋም። ከኮምቦልቻ የምትልኩ ቀኑን ሙሉ በሐረጎ በኩል ከሚመላለሱት ሚኒባሶች ለምታውቁት ሹፌር ስጡት፣ መናኸሪያ ድረስ መጥተን እንቀበላለን። ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ቁጥሩንም ላዩ ላይ ጻፉበት።