በውኃ ጉድባ የተከበበውን የሃሮው ጥንታዊ ቤት በአማርኛ ለማስተዋወቅ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሃሮውና በመላው ሰሜን ምዕራብ ለንደን የምትኖሩ፣ እንዲሁም በሌላ ከተማና አገር ሆናችሁ ይህን ጥሪ የምታነቡ የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን አማርኛ የምናስተምር ጥቂት ወላጆች፣ ሄድስቶን ማነር ስለሚባለው ጥንታዊ ቤት የሚተርክ ባለ ሥዕል መጽሐፍና ቤቱን እየዞሩ የሚያዳምጡት የድምፅ ትረካ በአማርኛ ማዘጋጀት ከጀመርን አንድ ዓመት አልፎናል። ጽሑፉ ተጠናቅቋል፤ የቀረው የማሳተሚያና የመቅረጫ ወጪ በመሆኑ እንድታግዙን በአክብሮት እንጠይቃለን። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ወደ መናፈሻው ለኳስ ስንወስድ በአጠገቡ እናልፋለን እንጂ ድልድዩን ተሻግረን ስለማናውቅ፣ አስቀድመን ስለ ቤቱ ጥቂት መናገር ይገባናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሃሮው መሬት በ825 ለካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ለውልፍሬድ ተሰጥቶ ነበር። ዛሬ ከቆመው ቤት እጅግ ጥንታዊ የሆነው ክፍል ግን የተሠራው በ1310 አካባቢ ነው። ይህ የታወቀው ከእንጨቱ ነው፦ ዛፍ በየዓመቱ የሚጨምረው ቀለበት እንደ ዝናቡና እንደ ሙቀቱ ሲሰፋና ሲጠብ ስለሚኖር፣ ባለሙያዎች የምሰሶውን ቀለበት ዕድሜያቸው ከታወቀ እንጨቶች ጋር አስተያይተው ዛፉ የተቆረጠበትን ዘመን ይደርሱበታል። በ1344 ቤቱን የገዛው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጆን ስትራትፎርድ ሲሆን፣ እርሱም የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ቻንስለር የነበረ ትልቅ ባለሥልጣን ነው። «ማነር» የሚለውን ቃል መጀመሪያ «ቪላ» ብለን ተርጉመነው ነበር። ረቂቁን ያነበቡልን አንድ አባት ግን «ገበሬው የሚገብርለት፣ በተወሰነ ቀን ሄዶ የሚያርስለት ከሆነ ይህ ጉልት ነው እንጂ ቪላ አይደለም» ብለው አረሙን። ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ናቸው ባይባልም፣ የጉልተኛ ቤት ያልነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊቃነ ጳጳሳቱ ቤቱን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ይዘውት ከቆዩ በኋላ በ1546 ለንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ አስረከቡት፤ ንጉሡም ወዲያው ለቤተ መንግሥቱ ሰው ለኤድዋርድ ኖርዝ ሸጠው። የቤተ ክርስቲያን መሬት በአንድ አዋጅ ሲወሰድ ያዩት ወላጆቻችን ይህን ምዕራፍ ሲሰሙ ማብራሪያ አልጠየቁንም። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። የመጀመሪያው ትልቅ አዳራሽ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ጥቂቱ ብቻ ቀርቷል፤ ኋላም ፊት ለፊቱ በጡብ ተሸፍኗል። ከውጭ ሲያዩት አንድ ተራ የእርሻ ቤት የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1925 የአካባቢው ምክር ቤት ገዝቶት የሕዝብ ሆነ፤ ሰፊ ጥገና ተደርጎለት በ2017 በሙዚየምነት እንደገና ተከፍቷል። መግቢያው በነፃ ነው።

ልጆቹ ከሁሉ በላይ የሚጠይቁን ስለ ውኃው ነው፤ ጠላት ይመጣ ነበር ወይ፣ አዞ ነበረበት ወይ ይሉናል። በእንግሊዝ አገር በውኃ ጉድባ የተከበቡ ስድስት ሺህ ያህል ስፍራዎች የሚታወቁ ሲሆን አብዛኞቹ የተቆፈሩት ከ1250 እስከ 1350 ባለው ጊዜ ነው። እንደ ቤተ መንግሥት ምሽግ ሠራዊት ለመመከት የታሰቡት ጥቂቶቹ ናቸው። ጉድባ ማስቆፈር ብዙ የሰው ጉልበት ስለሚጠይቅ ለባለቤቱ ክብር ነበር። ከዚህም ሌላ ሌባንና የዱር አውሬን ያርቃል፣ ረግረጉን መሬት ያጠነፍፋል፣ ለጾም የሚሆን ዓሣ ይረባበታል፤ በእንጨት ቤት ላይ እሳት ሲነሣም ውኃው ከደጅ ነው። በሄድስቶን ጉድባው የሚሞላው ዬዲንግ ብሩክ ከሚባለው ትንሽ ጅረት ሲሆን፣ የለንደን አፈር እንደ ሸክላ ጭቃ የሚጣበቅ በመሆኑ ውኃው ወደ ታች አይሰርግም። በመሬት ላይ የቀረ እንጨትና ቆዳ በጥቂት ዓመታት ሲበሰብስ፣ አየር በማያገኘው የጉድባ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ግን ለብዙ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ጉድባ በሕግ የሚጠበቀው፤ ዝም ብሎ መቆፈርም የተከለከለ ነው።

ይህን ሥራ እንድንጀምር ያደረገን ግን ውኃው ሳይሆን ግድግዳው ነው። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቹን ይዘን ስንሄድ ከእኛ ጋር የመጡ አንዲት እናት የኦክ ምሰሶዎቹን፣ ያለ ብረት በእንጨት ችካል የተያያዙትን መጋጠሚያዎች ቀና ብለው እያዩ ብዙ ቆዩ። አስጎብኚዋ በዚያ ዘመን በምሰሶዎቹ መካከል ልምጭ ተጠላልፎ፣ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ ይለሰንበት እንደነበር ስታስረዳ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ለመተርጎም ሞክሮ ቃል አጣ። እርሳቸውም «ማገርና ምርግ ነው በላት፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ጭቃውን በእግሬ ረግጫለሁ» አሉት። ልጁ ማገር የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም፤ አያቱ ስለ ግድግዳው ያላቸው እውቀትም ለአስጎብኚዋ ሳይደርስ ቀረ። መጽሐፉ በአንድ በኩል የቤቱን ታሪክ፣ በሌላ በኩል ወጋግራ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ምርግ፣ ጎተራ የሚሉትን ቃላት በሥዕል እያሳየ የሚሄደው ለዚህ ነው። ለጎተራው ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል፤ በ1506 የተሠራው ይህ የእህል ማከማቻ 43 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ልጆቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመዱ ለክተውታል።

ጠቅላላ ወጪው 5,400 ፓውንድ ነው፦ ለአንድ ሺህ ቅጂ ኅትመት 3,200፣ ለድምፅ ቀረጻና ቅንብር 1,300፣ ለሠዓሊዋ 900። እስካሁን በትምህርት ቤቱ የቡና ዝግጅቶችና ከወላጆች 2,150 ፓውንድ ስለተሰበሰበ የቀረን 3,250 ፓውንድ ነው። ትረካውን የሚያነቡት፣ ጽሑፉን ያረሙትና ሒሳቡን የያዙት ሁሉ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው። የጠየቅነው ገንዘብ ለቤቱ ጥገና አለመሆኑንና በሙዚየሙ ስም እንደማንናገር እንድታውቁልን እንወዳለን፤ ሥራው የእኛው የወላጆች ነው። ከወጪው የሚተርፍ ካለ ግን ለሕንፃውና ለጉድባው እንክብካቤ እንዲውል በሙዚየሙ የልገሳ ሣጥን ውስጥ እናስገባዋለን።

በአካባቢው ያላችሁ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ለገንዘብ ያዢያችን ሰጥታችሁ ደረሰኝ መቀበል ትችላላችሁ፤ በሩቅ ያላችሁ በምታውቁት ወላጅ በኩል የትምህርት ቤቱን የባንክ ሒሳብ ጠይቁ። አምስት ፓውንድም ቢሆን ይመዘገባል፤ የገቢና የወጪው ዝርዝር በየወሩ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ ለማዋጣት የማይመቻችሁ፣ በተለይም የጭቃ ቤት ሲሠራ ያያችሁ ወይም የሠራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቀረጻው ዕለት መጥታችሁ ቃላቱን በየአገራችሁ አነጋገር ብትነግሩን ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ወሎ የሚባለውና ጎጃም የሚባለው ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ ረቂቃችን ላይ ክፍት የተዉናቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ትምህርት ቤቶች በሐምሌ ሳይዘጉ መጽሐፉን ለልጆቹ ለማድረስ ስላሰብን፣ መዋጮውን እስከ ግንቦት መጨረሻ እንቀበላለን።