የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ አንድ ሳህን፣ አንድ ገመድ እና ጣና

ክበባችን ዘንድሮ ችግኝ አልተከለም። "የት አለ ችግኛችሁ?" ያላለኝ መምህር የለም። እኛ ግን ዓመቱን የጣና ውሃ ምን ያህል እንደደፈረሰ ስንለካ ከረምን።

መሣሪያችን የፕላስቲክ ሳህን ነው። አራት ቦታ ከፍለን ጥቁርና ነጭ ቀባነው። መሐሉን በስተን ገመድ አሰርንበት፤ ከሥሩ ድንጋይ አንጠለጠልን። ገመዱ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አለው። ሳህኑን ቀስ እያሉ ወደ ውሃው መልቀቅ ነው። ከዓይን ሲሰወር ቋጠሮውን ትቆጥራለህ። ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ቶሎ ይጠፋል። ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ በ1865 እ.ኤ.አ. ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሞክሮታል። "ቄስን ከባሕር ምን አገናኘው?" ያለ ተማሪ ነበር። ኮከብም ያጠና ነበር ብዬ አለፍኩት።

የመጀመሪያው ወር ልኬት ገደል ገባ። ጥፋቱ የኔ ነው። የቃጫ ገመድ ገዛሁ፤ ደረቁን ለክተን ቋጠርነው። ቃጫ ደግሞ ሲርስ ያጥራል። የነቃችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። ከውሃ የወጣውን ገመድ በማስመሪያ ለካችና "ቲቸር፣ 10ሩ 10 አይደለም" አለችኝ። አንዳንድ ቀን ርሶ፣ አንዳንድ ቀን ደርቆ ስለለካንበት ማረምም አልተቻለም። ገጾቹን ሰርዘን ናይለን ገዛን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከጀልባ መነሻው ጫፍ ለካን። ኅዳር መግቢያ ላይ ሳህኑ ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ይጠፋ ነበር። ጥር ላይ እስከ ሰባተኛው ታየን። ታዲያ ያ ሁሉ ጭቃ ከየት ነው የሚመጣው?

ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ በወረታ መንገድ ወደ ጉማራ ድልድይ ሄድን። ወንዙ የተበጠበጠ ሽሮ መስሏል። አንድ ሃይላንድ ሞልተን አምጥተን ቤተ ሙከራው መስኮት ላይ አስቀመጥነው። በማግስቱ ከታች ሁለት ጣት ደለል ተኝቷል። ጉማራ ከጉና ተራራ ነው የሚነሳው። አያቶቿ እዚያ የሚያርሱ አንዲት ተማሪ ጠርሙሱን ብድግ አድርጋ "ይሄ የአያቴ ማሳ ነው" አለች። ማንም አልሳቀም።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ደለል እዚህ ቀልድ አይደለም። ከአፈሩ ጋር የማሳው ማዳበሪያም ታጥቦ ይገባል፤ እሱን ነው እምቦጭ የሚወደው። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የተመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ "እምቦጭ ነቅለን እንምጣ" ሲሉኝ ነበር። ከጠርሙሱ ወዲህ ጥያቄያቸው ወደ እርከን ዞሯል።

አንድ አጉል ነገር አለ። ውሃው እጅግ የሚደፈርሰው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ነጩ ዓሣም እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ የሚወጣው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ዝግ ነው! ሐይቁ አጠገብ የሚኖሩ ሦስት ልጆች "እኛ አለን" ብለው ሳህኑንና ደብተሩን ወስደዋል። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛችን ሁለት ጊዜ ሊጥሉት ሲሉ ደርሰንበታል። የሦስቱ ልጆች እናቶች አስፈርመውኛል፦ ከጀልባ መነሻው ጫፍ አንድ እርምጃ አያልፉም።