የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር ስታክ ሲያደርግ

ውድ አባላት፣

ባለፈው ሳምንት ከቤት ርቄ ሳለሁ የኢንተርኔት ስልኬ አዳፕተር (ተራውን ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ስታክ አደረገ፣ ቆሞ ቀረ። ብደውል አይጠራም። ራውተሩ ግን ደህና ነበር። እናንተንም እንዳይገጥማችሁ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በሲፕ ሰርቨሩ (የኢንተርኔት ስልክ ጥሪዎችን በሚያገናኘው ኮምፒውተር) በኩል ነው። ብዙ አዳፕተሮች «ቼክ ሲንክ» የሚል የኖቲፋይ (የማሳወቂያ) መልእክት ሲደርሳቸው ሴቲንጋቸውን እንደ አዲስ ይጭናሉ፣ ወይም ሪስታርት ያደርጋሉ። ላክሁ። ምንም የለም። የአዳፕተሩ ሶፍትዌር ራሱ ከቆመ ትእዛዙን ማን ይሰማዋል? የሴቲንግ ገጹም በቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ቤት ኔትወርክ በሚያስገባ የተጠበቀ መስመር) ገብቼ ስሞክረው አልከፈት አለኝ።

ያዳነኝ ስማርት ሶኬት (በዋይፋይ ከሞባይል የሚጠፋና የሚበራ ሶኬት) ነው። አዳፕተሩን አስቀድሜ እሱ ላይ ሰክቼው ነበር። ከሞባይሌ አጠፋሁት፣ 30 ሰከንድ ያህል ጠበቅሁ፣ አበራሁት። ትንሽ ቆይቶ ሰርቨሩ ላይ ሬጅስተር ሲያደርግ (ተመልሶ ሲመዘገብ) አየሁ። ደወልኩ፣ ጠራ። እፎይ!

አደራ፣ ራውተሩን እዚያው ሶኬት ላይ አትሰኩት። ራውተሩ ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ የማብራት ትእዛዙ ለሶኬቱ አይደርሰውም።

ሪስታርትና ፋክተሪ ሪሴትንም (ዕቃውን ከፋብሪካ እንደወጣ መመለስን) አታምታቱ። ፋክተሪ ሪሴት የሲፕ ዩዘርኔሙንና ፓስወርዱን ጠራርጎ ያጠፋል። ይህን ከሩቅ ሆኖ መልሶ መሙላት በጣም ከባድ ነው። የሴቲንግ ገጹን ከውጭ ለማግኘት ብላችሁም ራውተሩ ላይ ፖርት (ከኢንተርኔት ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ በር) አትክፈቱ፤ ለእናንተ የተከፈተው በር ለሌላውም ክፍት ነው።

ቤት ውስጥ በዚያ ስልክ የሚተማመን አዛውንት ወይም ታማሚ ካለ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሶኬቱን አንዴ አጥፍታችሁ አብሩትና ደውላችሁ አረጋግጡ።