የሙዚቃና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ማኅሌተ ጽጌ በደብረ ሊባኖስ

ክበባችን ዘንድሮ ከያዛቸው ሥራዎች ትልቁ በጥቅምት ወር ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ሄዶ ማኅሌት፣ ማለትም መዘምራን ሌሊቱን ቆመው የሚያዜሙትን የቤተ ክርስቲያን ምስጋና፣ ማዳመጥ ነበር። ለሰንደቅ ዓላማ ቀን የቀረበው መዝሙርና የክራር ሥልጠናው እንደ ወትሮው ተካሂደዋል፤ ክራሩ ግን አውታር እየጠፋ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተቋርጧል። ለቀጣዩ ዓመት አባላት የሚበጀው የጉዞው ነገር ስለሆነ ዘገባው በእሱ ላይ ያተኩራል።

ከሁሉ የሚቀድመው ቀን መምረጥ ነው። «ገዳም ከሄድን ዜማ አይጠፋም» ብሎ በማንኛውም ቀን የተነሣ ቡድን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ የሌሊቱን ሰዓታት፣ የጠዋቱን ኪዳንና ቅዳሴውን ነው። እነሱም ዜማ ናቸው፤ ከበሮ፣ ጸናጽል (በእጅ የሚንሿሿ መሣሪያ) እና ወረብ (በሽብሸባ የሚዜም ዜማ) ለመስማት ግን የማኅሌት ሌሊት ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ የሚዜመው ጾመ ድጓ፣ የጾሙ ወቅት የዜማ መጽሐፍ፣ ነው፤ ከመሣሪያም መቋሚያ (የመዘምራኑ ዘንግ) ብቻ ይቀራል። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓላት፣ ማለትም በታኅሣሥ 24፣ በግንቦት 12 እና በነሐሴ 24፣ ማኅሌቱ ሞልቶ ይቆማል፤ ሕዝቡም በዚያው ልክ ስለሚበዛ ተማሪ ይዞ የሚቆም መምህር ሌሊቱን ሲቆጥር ያድራል፤ ዜማውን ሳይሆን ልጆቹን። የእኛ ምርጫ ዘመነ ጽጌ (የአበባ ወቅት) ሆነ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ ንጋት ላይ ያበቃል። ትምህርት አይስተጓጎልም፣ ክረምቱም ወጥቷል።

ክበቡ የልዩ ልዩ እምነት ልጆች ያሉበት በመሆኑ ጉዞው በፈቃደኝነት እንደሆነ፣ ዓላማውም ቅርሱን ማዳመጥ እንደሆነ ለወላጆች በጽሑፍ ተገልጾ ፊርማቸው ተሰብስቧል። ለገዳሙ የሚላከው ደብዳቤ የሴትና የወንድ ተማሪዎችን ቁጥር፣ የማደሪያ ጥያቄውንና ድምፅ የመቅረጽ ጥያቄውን ለይቶ መያዝ አለበት። የመቅረጹ ፈቃድ በቃል ብቻ ከሆነ ቀን የፈቀደው አባት ሌላ፣ ሌሊት በር ላይ የሚቆመው ሌላ ይሆንና ክርክር ይነሣል። የተፈረመበትን ቅጂ ይዞ መግባት ነው። የገዳሙ አስተዳዳሪ «ጸባቴ» ተብለው ስለሚጠሩ ደብዳቤውም ሆነ ሰላምታው በዚሁ ማዕረግ ይሁን።

የአዳማ ልጅ ብርድ አያውቅም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ደብረ ጽጌን ሲያልፉ መንገዱ ደጋ ለደጋ ነው፣ ጥቅምት ደግሞ የውርጭ ወር ነው። ጫማ ወልቆ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚቆም ሁለት ካልሲ ደርቦ መልበስ ከጃኬት ይበልጣል። ነጠላ ለሁሉም፣ ለሴቶች ረጅም ቀሚስ ያስፈልጋል። ሴቶች በቀኝ፣ ወንዶች በግራ ይቆማሉና ቡድኑ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም፤ በየጎኑ አንድ መምህር ይመደብ። በስንቅ በኩል ቆሎ፣ ዳቦና ውኃ በቂ ነው። ጽጌን የሚጾሙ ብዙዎች ስለሆኑ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ነውር ነው። ከአዳማ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መነሣት ያሻል፤ በፍጥነት መንገዱ የተገኘው ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ያልቃል።

ያልሠለጠነ ጆሮ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዜማ ብቻ የሰማ ይመስለዋል፤ ከዚያ የሚቀጥለው እንቅልፍ ነው። ስለዚህ የመስከረም የክበብ ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለማዳመጥ ልምምድ ዋለ። በቅድሚያ ሦስቱ የቅዱስ ያሬድ የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ በየተራ ከቅጂ ተሰሙ። ሙዚቃ የጀመረ ልጅ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ነገር አለ፦ አንዱን ስልት ከትዝታ ቅኝት፣ ሌላውን ከባቲ ቅኝት ጋር ሊያዛምድ ይሞክራል። ቅኝት የድምፆች አደራደር ነው፤ የያሬድ ስልት ግን የድምፁን አወጣጥ፣ ጌጡንና አካሄዱን ጭምር ይይዛል። ክራርና ኪቦርድ ለጊዜው ከክፍሉ እንዲወጡ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ስምንቱ የዜማ ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ዲፋት፣ በካርቶን ላይ ተጻፉ፤ ቅጂው ሲሰማ ተማሪው ተገቢውን ካርድ ያነሣል። ቅናትና ዲፋት ቶሎ ይያዛሉ፤ አንዱ ድምፁን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ሌላው ወደ ታች ይደፋዋል። ርክርክም በመንቀጥቀጡ ይታወቃል። ያስቸገረው ጭረትን ከሂደት መለየት ነው። የድጓ (የያሬድ የዜማ መጽሐፍ) ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበትን በአንድ ወር ያልለየ ልጅ አይወቀስም። በድጓው ላይ ከነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ የተጻፉ ደቃቅ ፊደላት አሉ። እያንዳንዳቸው የአንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ ምሕጻር ናቸው፤ ሐረጉን በቃሉ የያዘ ሰው ያያቸውና ያዜማል፣ ያልያዘ ምንም አያነብባቸውም። ይህን ሥርዓት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል።

ማኅሌቱ ሲጀመር ልጆቹ እንዲከታተሉ የተነገራቸው አንዱ ቃል እንዴት እየተመላለሰ እንደሚመጣ ነው። መጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ይዜማል። ያው ቃል በዝማሜ ይመለሳል፤ መቋሚያዎች አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ በመጀመሪያ በዝግታ፣ በኋላ ጠንከር ብለው። በጽፋት ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጭብጨባም ይታከላል። አራቱም በየቃሉ ላይ አይደረጉም፤ ቅደም ተከተሉን ያወቀ ተማሪ ግን የቱ እንደተዘለለ ይለያል። መዘምራኑ በግራና በቀኝ ሆነው ስለሚቀባበሉ መሐል ላይ ከመቆም ይልቅ ወደ አንዱ ጎን ተጠግቶ መቆም ይሻላል፤ ቅብብሉ በግልጽ የሚሰማው ያኔ ነው። ከበሮው በማንገቻ ከአንገት ይንጠለጠላል፣ ሰፊው ፊት ወፍራሙን፣ ጠባቡ ፊት ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። መቺው ጎንበስ ሲል ምቱ ይጠነክራል። እጁን ትቶ ትከሻውን ያየ ልጅ ለውጡን ከመስማቱ በፊት ያውቀዋል።

አሁን ስለ ቀረጻው። የስልክ መቅረጫ ድምፁን ራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ከበሮ በተመታ ቁጥር የመዘምራኑ ድምፅ ይዋጣል፣ ምቱ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሶ ያብጣል። መፍትሔው የድምፅ መጠኑን በእጅ አስተካክሎ ማሰር የሚያስችል መተግበሪያ መጫን፣ መጠኑንም በቁም ዜማው ሳይሆን በመረግዱ ለክቶ ዝቅ አድርጎ መተው ነው። ስልኩ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ የእግርና የመቋሚያ ምት በወለሉ በኩል ይገባበታል። ግድግዳ ላይ መለጠፍም ማስተጋባቱን ያበዛል። ከከበሮው ከስድስት ሜትር ያላነሰ ርቀት፣ በደረት ከፍታ፣ በነጠላ ተይዞ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ባልተጨመቀ ዌቭ ፎርማት በአንድ ቻናል ከተቀረጸ በሰዓት 300 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ የአንድ ሌሊት ማኅሌት ከሦስት ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ዘንድሮ ከንጋቱ በፊት የተቋረጡት ቅጂዎች የተቋረጡት ቦታ ሞልቶ እንጂ ባትሪ አልቆ አይደለም፤ ፓወር ባንኩ ሁሉ ሳይነካ ተመልሷል።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ስለ ቦታው ታሪክ ማብራሪያ ተሰጥቷል። ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ሲሆን የዛሬው ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታነጸ ነው፤ ባለቀለም የመስኮት መስታወቶቹ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ናቸው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱንና ለበዓል የመጡ ምእመናንን ፈጅቷል። ልጆቹ ደቃቆቹን ፊደላት ተምረው ስለነበር ጥያቄያቸው ሌላ ነበር፦ መጽሐፉ ቢተርፍ እንኳ ሐረጉን በቃል የያዘው ሰው ከሞተ ማን ያነብበዋል?

ከጉዞው መልስ ቅጂዎቹን ወደ ኖታ ለመገልበጥ የተደረገው ሙከራ ብዙ አልሄደም። ኪቦርዱ ላይ ያሉት ድምፆች ከመዘምራኑ ጋር አይገጥሙም፤ መነሻ ድምፁም መሪው ያነሣው ነው፣ መሪ ሲለወጥ ይለወጣል። የተሻለው ዘዴ በካሬ ወረቀት ላይ የድምፁን መውጣትና መውረድ በአንድ ወጥ መስመር መሣል፣ ከሥሩም ቃሉን መጻፍ ሆኖ ተገኘ። በመጋቢት አዳማ ውስጥ የተሰማው የጾመ ድጓ ዜማ በዚሁ መንገድ ተሥሎ ከጥቅምቱ ጎን ተሰቅሏል፤ ከበሮ በሌለበት ጌጡ ጎልቶ እንደሚሰማ ከሁለቱ ወረቀቶች ይታያል። በወላጆች ቀን ብዙ ሰው የቆመው እዚያ ጋ ነበር።

ቅጂዎቹ በሁለት ፍላሽ ተገልብጠው በቤተ መጻሕፍቱና በክበቡ ሣጥን ይገኛሉ፤ ፈቃዱ ለትምህርት ብቻ ስለሆነ በቴሌግራም እንዳይሠራጩ። የሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት መድረስ አለበት። የካርቶን ምልክቶቹም ሁለቱ ጠፍተዋልና፣ ቁርጥና ደረት፣ እንደገና ይጻፉ።