ሙዚቃው የዋጠው ሙቀጫ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በተማሪዎች የመመረቂያ ፊልሞች ላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ታሪኩና ስለ ምስሉ ጥራት ብዙ ብላችኋል። ስለ ድምፅ ግን አንድ መስመር የለም። እኔ የፊልም ኤዲተር ነኝ፤ እንጀራዬ ጆሮዬ ነው፤ ዝም ማለት አቃተኝ።

ከፊልሞቹ አንዱ የእህቴ ልጅ ሥራ ነው። እናት ገጠር፣ ልጅ አዲስ አበባ። እናትየዋ ቡና ስትወቅጥ ካሜራው ትሪፖድ ላይ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። አንዱ ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የሚሄደው አንድ ምስል፣ 40 ሰከንድ ይቆያል። የሚሰማው ዘነዘናው ነው፤ ድው... ድው...። ራቅ ብሎ ዶሮ ይጮኻል። ዘነዘናው ለመጨረሻ ጊዜ ሲያርፍ፣ ድምፁ ገና ሳያልቅ፣ የሚኒባስ በር ጓ ብሎ ይዘጋል። መገናኛ ገባን። ረዳቱ «ቦሌ! ቦሌ!» ይላል። ካሜራው አሁን በእጅ ነው፤ ከልጅቷ ጋር አብሮ ይጋፋል። ምስሉ በየ2 ሰከንዱ ይቀያየራል። ማንም ምንም ሳይናገር እናትና ልጅ ምን ያህል እንደተራራቁ ታወቀኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የእህቴ ልጅ አማካሪዎች ግን «መጀመሪያው ይንቀራፈፋል፤ ሙዚቃ ይግባበት» አሏት። ውጤቷ እነሱ እጅ ነው፤ ምን ታድርግ? ከዳር እስከ ዳር ዋሽንት ተነጠፈበት። በማሳያው ቀን ገጠሩም መገናኛም አንድ ሆኑ። ሙቀጫው አልተሰማም። በሩም ከሙዚቃው ሥር ተቀበረ። ከምስሉ አንድ ከት፣ ማለትም ምስል ተቆርጦ ወደ ሌላው የሚታለፍበት ቦታ፣ አልተነካም፤ ትዕይንቱ ግን ሞተ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

ዋሽንት ጠልቼ አይደለም። ግን ጸጥታም ይቀረጻል! የእህቴ ልጅ ቀረጻው ሲያልቅ ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኝታ፣ የጎጆዋን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቀድታለች። የእሳቱ መንጣጣት፣ ዝንቡ፣ በሣር ክዳኑ የሚያልፈው ነፋስ፣ ሁሉም አለ። ያን ከሥር ስታነጥፈው ነው ከቱ ጆሮ ላይ የማይቆረቁረው። ስንት ዓመት የሠራን ሰዎች እንኳ ይህን እንዘነጋለን።

መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። «ሙዚቃ ጨምሩ» ከማለታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዴ ስሙት። እናንተም አዘጋጆች ስለ ተማሪ ፊልም ስትጽፉ ድምፁን ማን እንደቀዳው ጠይቁ። ዋሽንት ያልገባበት ቅጂ አሁንም እጇ ላይ አለ። ብትደውሉላት ሁለቱን አከታትላ ታሳያችኋለች።

የፊልም ኤዲተር፣ ከጉለሌ